ቢጫ ቀሚስ የገዛንበት አርብ

እትዬ ልታገባ ሦስት ሳምንት ሲቀራት ስለ ድግሱ በስልክ እያወራን፣ እግረ መንገዴን ምን እንደምትለብስ ጠየቅኳት።

«ልብስማ አለኝ» አለች። «ማዳም አምና የሰጠችኝ ቡናማው አለ አይደል? ወገቡን ትንሽ ላስገባው፣ እጅጌውን ላሳጥረው፣ አለቀ።»

ያልሰማሁ መስዬ ወሬ ለወጥኩ። ስልኩን እንደዘጋሁ ግን በቀጥታ ወደ ባለቤቴ ሄድኩ። ባለቤቴ ወደብ ላይ የትራንዚት ሠራተኛ ነው፤ አርብ እረፍቱ ስለሆነ ሳምንቱን ሙሉ የሚያልመው የዚያን ቀን የከሰዓት እንቅልፍ ነው።

«የፊታችን አርብ አትተኛም» አልኩት። «ምሳ ውጭ እንበላለን፣ ከዚያ ለእትዬ ቀሚስ እንገዛለን።»

«እሷ ተስማምታለች?»

«አልጠየቅኳትም።»

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት፤ በአስራ አራት ዓመት ትበልጠኛለች። ጅቡቲ ስትመጣ እኔ አዳማ እናታችን ጋ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ሄሮን የሚባለው ሰፈር ውስጥ አንዲት የአገሩ ተወላጅ አስተማሪ ቤት ተቀጥራ ገባች፣ እዚያው እያደረች ስትሠራ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሞላት። አስተማሪዋ አሁን ጡረታ ወጥታለች፤ ልጆቿ ፈረንሳይ ናቸው። ሁላችንም ማዳም ነው የምንላት። ክፉ ሴት አይደለችም። እትዬ ስትታመም ራሷ ሐኪም ቤት ወስዳታለች፣ ፈረንሳይኛ ማንበብም አስተምራታለች። ልብስ ሲሰለቻት ደግሞ ለእትዬ ትሰጣለች። ማዳም ረዥምና ሰፊ ናት፣ እትዬ አጭርና ቀጭን። ስለዚህ እትዬ በእረፍት ሰዓቷ መርፌና ክር ይዛ የማዳምን ቀሚሶች በራሷ ቁመት ትሠራቸዋለች። ቀለማቸው የአስተማሪ ቀለም ነው፤ ግራጫ፣ ቡናማ፣ ጥቁር ሰማያዊ። ከታች ተቆርጦ የሚተርፈው ጨርቅ ለልጄ ቀሚስ ይሆናል። ልጄ እስከ ስድስት ዓመቷ ድረስ እንደ ጡረተኛ አስተማሪ ለብሳ ነው ያደገችው።

እኔ አስራ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ተከትያት መጣሁ። ሰው ቤት እንድገባ አልፈቀደችም። «አንዳችን ይበቃናል» ብላ የፈረንሳይኛ ትምህርት አስገባችኝ፤ አሁን አንድ ክሊኒክ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ እሠራለሁ። ሳገባም ነጭ ቬሎ ያለበሰችኝ እሷ ናት። የዚያን ቀን ፎቶዎች አሁንም አልበም ውስጥ አሉ፤ ሁሉም ሰው አለበት፣ እትዬ ብቻ የለችም። ግራጫ ቀሚሷን ለብሳ ጓሮ ወጥ ስታማስል ነው የዋለችው። አልበሙን በገለጥኩ ቁጥር ፎቶዎቹ ውስጥ እፈልጋታለሁ። በሰው ቀሚስ ስታገባ ቆሜ እንደማላይ የቆረጥኩት በዚያ ምክንያት ነው።

የሚያገባት ሰው ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ሚስቱ የሞተችበት፣ ሃምሳን የተጠጋ፣ ወሬ የማያበዛ ሰው። እናታችን ሽሮና በርበሬ በእሱ እጅ ትልክልን ነበር፤ እትዬ አርብ አርብ ከከተማ ውጭ ካለው የመኪኖች ማቆሚያ ሄዳ ትቀበለዋለች። ስድስት ዓመት ሙሉ እቃውን አስረክቦ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ይሄድ የነበረ ሰው፣ በሰባተኛው ዓመት እቃውን ካስረከበ በኋላ አልሄድ አለ።

አርብ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ እትዬ ሆዳን ሰፈር ያለው ቤታችን ደረሰች። ጫማዋን ሳታወልቅ በቀጥታ ወጥ ቤት ገብታ የቁርሱን ሰሃን ማጠብ ጀመረች።

«እጅሽን አንሺ፣ ዛሬ እረፍትሽ ነው» አልኳት።

«ሁለት ሰሃን ነው፤ ምን አለበት?»

«እትዬ፣ ዛሬ ምሳ ውጭ ነው የምንበላው። ከዚያ ቀሚስ እንገዛልሻለን። እጅሽን አድርቂና እንውጣ።»

ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ በሩ ላይ የቆመውን ባለቤቴን አየችው፤ እሱ ትከሻውን ሰበቀ። ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጄ አዲስ ጫማዋን አጥልቃ ከታክሲ በፊት ደጅ ወጥታለች። እትዬ ለእኔ ሳይሆን ለልጄ ስትል እሺ አለች። እኔም ያንን አስቤበት ነው ለልጄ አስቀድሜ ማታ የነገርኳት።

ጊዜው ታኅሣሥ ነበር። ጅቡቲ ሰው ሆኖ የሚኖርባት ወቅት ነው፤ ነፋሱ ከባሕሩ ይመጣል፣ በጥላ በኩል ከሄዱ ላብ እንኳ አያስቸግርም። በአረንጓዴና ነጭ ታክሲ ተጨናንቀን ወደ መሀል ከተማ ወረድን። የየመን ዓሳ የሚጋገርበት አንድ ቤት አለ፤ ባለቤቴ ከወደብ ሰዎች ጋር የሚሄድበት። የጁምዓ ሶላት እስኪያልቅ በሩ ላይ ጠበቅንና ሰዉ ከመጉረፉ በፊት ጥግ ላይ ጠረጴዛ ያዝን።

ዓሳውን ከጀርባው ሰንጥቀው፣ ቀይ ቅመም ቀብተው ከጭቃ ምድጃ ግድግዳ ጋር እየለጠፉ ይጋግሩታል። ከትልቅ ቂጣ ጋር ጋዜጣ ላይ ዘርግተው ያቀርቡታል። ባለቤቴ ሁለት አዘዘ።

«እኔ አልበላም፤ ጾም ነው» አለች እትዬ።

«ዓሳ እኮ በነቢያት ጾም ይበላል» አላት ባለቤቴ።

«የት ነው የሚበላው?»

«ብዙ ሰው ይበላል።»

«ብዙ ሰው ብዙ ነገር ያደርጋል» አለችና አሳላፊውን በዓረብኛ ጠራችው። እዚህ ቤት ሙዝና ማር ከትኩስ ቂጣ ጋር ታሽቶ የሚቀርብ ነገር አለ፤ ያለ ቅቤ እንዲሠራላት አስረዳችው። ሰውየው ያለ ቅቤ አይጣፍጥም አላት። እሷም በምን እንደሚጣፍጥ ነገረችው፤ ጥቁር አዝሙድ ጣል አድርጉበት አለችው። ሲመጣ ሁላችንም ከእሷ ሰሃን መቁረስ ጀመርን፣ ዓሳው ሊቀዘቅዝ ደረሰ። አሳላፊው ራሱ ከኋላ መጥቶ እንዴት እንደሆነ ጠየቃት።

በልተን ስንጨርስ እትዬ ሰሃኖቹን እየደራረበች፣ የዓሳውን አጥንት በጋዜጣው እየጠቀለለች ብድግ አለች።

«አክስቴ» አለቻት ልጄ፣ «ተይው፣ ሰውየው ይሠራዋል።»

እትዬ ደነገጠች። ሰሃኖቹን መልሳ አስቀመጠችና እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እኔ ልጄን ልቆጣት ፈልጌ አልቻልኩም፤ እውነቷን ነው።

እዚህ አገር ከቀትር በኋላ ሱቅ ሁሉ ይዘጋል። ሰው ወይ ይተኛል ወይ ጫቱን ይዞ ይቀመጣል፤ ሱቆቹ የሚከፈቱት አስር ሰዓት ላይ ነው። ያን ጊዜ እስኪደርስ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሄድን። ባለቤቴ ጃኬቱን አጥፎ ተንተርሶ በድንጋዩ አጥር ጥላ ሥር ጋደም አለ፣ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። ልጄ ጫማዋን አውልቃ ውሃው ዳር ትሮጣለች። በስተግራ በኩል የወደቡ ክሬኖች ይታያሉ፤ በዕለተ አርብም አይቆሙም።

እትዬ ደስ ያላት ትመስል ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ነው የጠየቅኳት።

«ማዳም ስለ ሰርጉ ምን አለች?»

የቀሚሷን ጫፍ ታጥፍ ጀመር።

«እትዬ?»

«አልነገርኳትም።»

«ሦስት ሳምንት እንኳ አልቀረም እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«ምን ሆነሽ ነው? ፈርተሻት ነው?»

«መፍራት አይደለም» አለች፣ ባሕሩን እያየች። «ጠዋት ሻይዋን ሳቀርብ ዛሬስ እነግራታለሁ እላለሁ። ቀና ብላ ታየኛለች። ስኳር ትንሽ ጨምሪልኝ ትለኛለች። እጨምርላታለሁ። በቃ፣ ያ ቀን አለፈ። በነጋታውም እንዲሁ።»

ተናደድኩ። በማዳም ይሁን በእሷ አላወቅኩም። ሰርግ እያለባት፣ ጋቦዴ ሰፈር አብረው የሚኖሩበት ቤት ተከራይቶ ቁልፉ ቦርሳዋ ውስጥ እያለ፣ የምትሠራበት ቤት ምንም አያውቅም። ምን ልታደርግ አስባ ነው? ዛሬ አግብታ ነገ ጠዋት ሻይ ልታፈላ?

«ነገ ጠዋት ትነግሪያታለሽ» አልኳት። «ካልነገርሽ እኔ እመጣለሁ።»

«አትመጪም» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ግን ልጅ ሆኜ የማውቀው ድምፅ ነበር፣ ክርክር የማይቀበለው። «የእኔ ጉዳይ ነው። በራሴ አፍ ነው የምነግራት። አንቺ ቀሚሱን አምጥተሽብኛል፣ እሱ ይበቃሻል።»

አስር ሰዓት ሲሆን ባለቤቴን ቀስቅሰን ወደ ሱቆቹ ሄድን። የመጀመሪያው ቡቲክ ጠባብ ሆኖ በር ድረስ ልብስ የተሰቀለበት ነው። ሻጯ ልጅ እግር ናት፤ በፈረንሳይኛ ተቀበለችን።

«ቁጥርሽ ስንት ነው?» ብላ ጠየቀቻት እትዬን።

እትዬ እኔን አየችኝ። «ቁጥር ምን?»

«የልብስ ቁጥር። ስንት ትለብሻለሽ?»

«አላውቀውም» አለች።

ሻጯ ሳቀች፣ ክፋት አልነበረባትም። እኔ ግን መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ በወደድኩ። እህቴ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ለራሷ ተብሎ የተገዛ ቀሚስ ለብሳ ስለማታውቅ የራሷን ልክ አታውቅም። በማዳም ልክ የተሰፋ ልብስ እየቆረጠች የምትለብስ ሴት ቁጥር ከየት ታመጣለች? እትዬ ግን አላፈረችም። «ጨርቁን ካየሁት ይሆነኛል አይሆነኝም እነግርሻለሁ» አለቻትና ያን ሱቅ ለቀን ወጣን።

ሁለተኛው ሱቅ የሰርግ ልብስ የሚሸጥበት ነው። እዚህ የወሰድኳት አስቀድሜ ስለመረጥኩላት ነው፤ ረቡዕ ከሥራ ስመለስ ገብቼ አይቼው ነበር። ነጭ፣ እጅጌው ዳንቴል፣ ደረቱ ላይ ዶቃ የተሰፋበት። ባለሱቁ አወረደውና በሁለት እጁ ዘረጋው።

«ልበሺው» አልኳት።

ይዛው ወደ መጋረጃው ከመግባቷ በፊት ገለበጠችው። ገበሩን አየች፣ ዘምዘማቱን ጎተት ጎተት አደረገች፣ ዶቃዎቹን አንድ በአንድ በጥፍሯ ነካካች። አንዱ ዶቃ እጇ ላይ ቀረ። ሳትናገር ለባለሱቁ መለሰችለት።

ባለቤቴ ከበሩ ሆኖ ሳቀ። «ጉምሩክ ቢቀጥርሽ ወደቡ ላይ አንድ ኮንቴነር አያልፍም ነበር።»

ለብሳ ወጣች። ልጄ «ሙሽራ! ሙሽራ!» ብላ አጨበጨበች። እትዬ ግን ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ፣ መስታወቱን በጎን አልፋ መጥታ ፊቴ ቆመች። ቀሚሱ ያምር ነበር። እሷ ግን ውስጡ አልነበረችም፤ ሰው በአደራ ያስያዛትን ነገር የተሸከመች ነበር የምትመስለው።

«ይሄ ነው» አልኳት። «አለቀ። ይሄን ነው የምንወስደው።»

«ይሄ ነጭ ለማን ነው?» አለችኝ።

«ላንቺ ነዋ!»

«ለእኔ አይደለም። ላንቺ ነው።»

«እትዬ፣ እኔ ነጭ ለብሼ ነው ያገባሁት። ያለበሽኝ አንቺ ነሽ። አንቺ ግን ፎቶው ላይ እንኳ የለሽም።» ሰው ይሰማል ብዬ አልተጨነቅኩም፤ እንባዬ መጣ። «አንድም ፎቶ ላይ የለሽም። በሰው ግራጫ ቀሚስ ጓሮ ዋልሽ።»

ገርሟት አየችኝ። «ለዚህ ነው እንዴ እንዲህ የሆንሽው?» አለች። «እኔ እኮ ጓሮ የዋልኩት ወጡን ለማንም አምኜ መስጠት ስላልቻልኩ ነው። ሁለቴ መጥተው ጠሩኝ፣ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ዶሮው ቢያር ኖሮ እስከ ዛሬ ታነሺብኝ ነበር።»

አስር ዓመት የተሸከምኩትን ነገር በአንድ አፍታ እንደማይረባ ዕቃ አስቀመጠችው። ቀለል አለኝ፣ ደግሞም ትንሽ ተቆጣሁ፤ ሰው የለመደውን ሸክም ሲነጥቁት ይቆጣል መሰለኝ። እትዬ ልብሷን ቀይራ ነጩን ቀሚስ በሥርዓት አጥፋ ለባለሱቁ ሰጠችው። «ክሩ ደካማ ነው። ለሚቀጥለው ሰው ዶቃውን በድርብ ክር ስፉላት» አለችው።

ውጭ ስንወጣ ባለቤቴ ወደ ቤት እንሂድ እንድል ጠበቀ። አላልኩም። ነጩ ቢቀርም ቀሚስ ሳንይዝ እንደማንመለስ ነገርኩት። የሚገርመው እትዬም ፊት ፊታችን መሄድ ጀምራ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ስጎትታት የዋልኩት ሴት አሁን እኛን አስከትላ በየመስኮቱ ታያለች፤ ይሄ አይሆንም፣ ያም አይሆንም እያለች። ካርቲየ ሁለት የሚባለው ሰፈር እስክንደርስ እግሬ ዝሎ ነበር።

ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ አንዲት ሶማሊት ባለሱቅ እጇን ሂና ተቀብታ ስፌት መኪና ላይ ተቀምጣለች። ከጀርባዋ ግድግዳው ሙሉ ቀሚስ ነው። እትዬ ገባችና ማንንም ሳትጠይቅ በቀጥታ ሄዳ አንዱን ጎትታ አወጣች። ቢጫ። ፈዘዝ ያለ እንዳይመስላችሁ፤ የበሰለ ማንጎ ውስጡን የመሰለ፣ ከመንገድ ማዶ የሚታይ ቢጫ። ረዥም፣ ወገቡ የተሰበሰበ፣ ያለ ምንም ዶቃ። ገለበጠችው። ስፌቱን ተከትላ ጣቷን ከላይ እስከ ታች አስኬደች።

«ይሄን ማነው የሰፋው?» አለች በሶማልኛ።

«እኔ ነኝ» አለች ባለሱቋ።

«ጎበዝ።»

እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። «ቢጫ? ለሰርግ? ቤተ ክርስቲያን?»

«ነጠላ አደርግበታለሁ» አለችና መጋረጃውን ሳበችው።

ትከሻው ልክ ነበር፣ ወገቡ ግን ሰፋት፣ ከታችም ረዘመ። ባለሱቋ ስፒሎቿን ከንፈሯ ላይ ደርድራ በጉልበቷ ተንበርክካ ዙሪያውን ትይዝላት ጀመር። ለእትዬ እንዲህ ሲደረግላት አይቼ አላውቅም፤ ሌላ ሰው ከሥሯ ተንበርክኮ የእሷን ልብስ ሲያስተካክል። እጇን የምታደርግበት አጥታ እንደ ልጅ ወደ ጎን ዘርግታው ቆመች። መስታወቱ ከኋላዋ ነው፤ አሁንም አልዞረችም።

በዚህ መሀል ስልኳ ጮኸ። ቦርሳዋ እኔ ጋ ነበር፤ አውጥቼ አየሁት። ማዳም።

«አታንሺው» አልኳት። አርብ ማዳም የምትደውለው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። እንግዳ መጣብኝ፣ ለሁለት ሰዓት ብቻ ብቅ በይ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እትዬ ብቅ ብላለች። ልጄ ስትወለድ አጠገቤ ተቀምጣ ሳለ ተደውሎላት ሄዳለች፤ በፋሲካ ማግስትም ሄዳለች። አሁን ደግሞ ስፒል እንደተሰካባት ቀሚሱን አውልቃ እንደምትሮጥ አልተጠራጠርኩም። በሩ ላይ ቆሜ ልይዛት ሁሉ አስቤ ነበር።

«ስጪኝ» አለች። ሰጠኋት።

ፈረንሳይኛና ሶማልኛ እያቀላቀሉ ነው ሁልጊዜ የሚያወሩት። የማዳም ድምፅ ከስልኩ ውጭ ይሰማል፤ የወንድሟ ልጅ ከነሚስቱ ሳይታሰብ ከፈረንሳይ መጥቷል፣ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ እራት ይበላሉ፣ ታክሲ ያዢና ነይ።

«ማዳም» አለች እትዬ፣ «ዛሬ አልመጣም።»

ከወዲያ በኩል «ታመምሽ እንዴ?» የሚል ድምፅ መጣ።

«አልታመምኩም። ሱቅ ነኝ። ቀሚስ እየለካሁ ነው።»

«ቀሚሱ ነገ አይደርስም?»

እትዬ ትንፋሽ ወሰደች። ባለሱቋ ስፒሉን በጣቷ እንደያዘች ቀና ብላ አየቻት። ባለቤቴ፣ ልጄ፣ እኔ፣ ሁላችንም ቆመን ቀረን።

«የሰርጌ ቀሚስ ነው» አለች እትዬ። «በጥር አገባለሁ። ልነግርሽ ብዙ ቀን አስቤ አቃተኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ነገ ጠዋት ተቀምጠን እናወራለን። ዛሬ ግን አርብ ነው፣ ከቤተሰቤ ጋር ነኝ፣ አልመጣም። ማቀዝቀዣው ውስጥ ሳምቡሳ ጠቅልዬ አስቀምጫለሁ፤ መጥበስ ብቻ ነው የሚቀረው። የወንድምሽ ልጅ ይጥበሰው።»

እትዬ መስመሩ ተቋርጦ እንደሆነ ለማየት ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ አየችው። አልተቋረጠም። መልሳ ጆሮዋ ላይ አደረገችው።

«ምን ቀለም ነው?» አለች ማዳም።

እትዬ ለመመለስ ወደ መስታወቱ ዞረች። ቀለሙን እንደማታውቅ ሰው ከላይ እስከ ታች አየችው። አንገቷን፣ ትከሻዋን፣ ስፒል የተሰካበትን ወገቧን አየች። ብዙ ቆየች።

«ቢጫ» አለች። «ደማቅ ቢጫ። ያምራል።»

ስልኩ ተዘጋ፤ ማን ቀድሞ እንደዘጋው አላወቅኩም። ባለሱቋ ከንፈሯ ላይ የነበሩትን ስፒሎች መዳፏ ላይ ተፋችና እልልታዋን ለቀቀችው። የጎረቤት ሱቅ ሴቶች ምን ተገኘ ብለው ብቅ አሉ፤ ስትነግራቸው እነሱም ተቀላቀሉ። ልጄ መሀላቸው ገብታ ትዘላለች። እትዬ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች፤ የምታለቅስ መስሎኝ ስጠጋት እየሳቀች ነበር።

ቢጫውን ቀሚስ በሚቀጥለው አርብ ወገቡ ገብቶ፣ ከታች አጥሮ ተረከብነው። ዘምዘማቱን እትዬ ራሷ እንድትሠራው ባለሱቋን ብትለምናትም እምቢ ተባለች።

ማዳም በቀላሉ አልተቀበለችውም። ሦስት ቀን አላናገረቻትም፤ ሻይዋን ራሷ አፍልታ በረንዳ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ትጠጣ ነበር። በአራተኛው ቀን ጠርታ አስቀመጠቻት። ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠራ፣ ይጠጣ እንደሆነ ጠየቀቻት። በመጨረሻም ትተሽኝ ልትሄጂ ነው ወይ አለቻት። እትዬ ያን ቀን ያለችውን ቃል በቃል ነግራኛለች።

«ከጠዋት እስከ ስምንት ሰዓት እመጣለሁ። ማደር ግን የለም። ዕቃዬን በሰርጉ ዋዜማ አወጣለሁ።»

ማዳም ሌላ ሰው እፈልጋለሁ ብላ አስፈራራቻት። እትዬም ጥሩ ሰው ካለ ጠቁሜልሽ ነው የምሄደው አለቻት። ከሳምንት በኋላ ማዳም እትዬ ባለችው ተስማማች።

በጥር ሰርጉ ሆነ። ሙሽራው ጋላፊ ድንበር ላይ ሁለት ቀን ተሰልፎ ቆይቶ በሠርጉ ዋዜማ ነው የደረሰው፤ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቶ ነበር። ቢጫውን ሲያይ ምንም አላለም፤ ሰውየው ወሬ አያበዛም። ፎቶ ሲነሱ ግን ክራባቱን እያስተካከለ ደጋግሞ ወደ ጎን ያያት ነበር። ማዳም ወደ ድግሱ ከዘራዋን ይዛ ዘግየት ብላ መጣች። አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጠች፣ የእትዬን እጅጌ በጣቷ ነክታ ስፌቱን አየች፣ አጠገቧ ለተቀመጠችው ለልጄ በፈረንሳይኛ «አክስትሽ ግትር ናት» አለቻትና ሄደች። ወጡን እኔ ነበርኩ የማማስለው። ትንሽ አርሮብኛል፣ ማንም አልተናገረኝም።

ይሄ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እትዬ ጋቦዴ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ትኖራለች። ባሏ መኪናው ሲመጣ ይመጣል፣ ሲጫን ይሄዳል። ከስምንት ሰዓት በኋላ በሯን ዘግታ ትተኛለች፤ ይሄን እንቅልፍ ከማንም ጋር አትደራደርበትም፤ ስልኳንም ታጠፋዋለች።

ባለፈው አርብ ልንጠይቃት ሄደን በሩን ስትከፍት አዲስ ቀሚስ ለብሳለች። ቀይ ከነጭ አበባ ጋር፣ ከጉልበት ትንሽ ወረድ ያለ።

«ይሄን መቼ ገዛሽው?» አልኳት።

«ማክሰኞ።»

«ከማን ጋር ሄድሽ?»

«ከማንም።»

ትንሽ ቅር አለኝ፤ አልደበቅኩም። «ለምን አልነገርሽኝም? አብረን እንሄድ ነበር እኮ።»

«እናንተ ስትመጡ ሰው ይበዛል» አለችኝና ልጄን አቅፋ ወደ ውስጥ አስገባቻት።